ከጆንያው መጋረጃ ማዶ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ጓዳ ተቀምጣ የእንግሊዝኛ ተረት መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነብ ነበር። እኔ ሳሎን ጋደም ብያለሁ። አንዷን ቃል አበላሽታ ስታልፋት ሳላስበው፣ «ምላስሽን በጥርሶችሽ መሀል አውጪያት! አትነክስሽም!» ብዬ ጮኽሁ። ልጄ በበሩ ብቅ ብላ በድንጋጤ አየችኝ። እኔም ደንግጬ ነበር፤ ድምፁ የኔ አልነበረም። ትንባሆ ያደረቀው፣ ንቀት የሞላበት የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ነው ከጉሮሮዬ የወጣው። ወዲያውም የዚያ ክፍል ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ፣ የሰሊጥ ጆንያ፣ የወባ መድኃኒት የተረጨበት ግድግዳ።

ስለዚያ ሰው ለማንም አውርቼ አላውቅም። ላንተ ልንገርህ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጋይንት ደጋ ወጥቼ፣ ከመምህራን ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ዲፕሎማ ተመርቄ፣ መተማ ዮሐንስ ተመደብሁ። ከጎንደር የተነሣው አውቶብስ ሸሕዲ ሲደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ኮኪት ላይ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣበቀ፤ መተማ ስወርድ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ከምጣድ ሥር የወጣ ይመስል ፊቴን ለበለበኝ። በየመንገዱ ዳር ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተኝተዋል። የሰሊጥ አጨዳ ሊጀመር ነበርና በከተማው የሚከራይ ክፍል አልነበረም።

ርእሰ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጀርባ ወዳለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ወሰደኝ። «ሁለት ሆናችሁ ትኖራላችሁ» አለኝ። በሩን ሲከፍተው ጋሼ በጠፍር በተጠለፈ የሱዳን አልጋ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይወለውላሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ያኔም ጋሼ ብቻ ነበር የምላቸው። ሃምሳ አምስት ዓመት የሚጠጋቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሁሉ አቧራ መሀል ሸሚዛቸው እንደ ወረቀት የተተኮሰ ሰው ነበሩ። ቀና ብለው እኔን ሳይሆን ሻንጣዬን አዩት።

«ዲፕሎማው ይኸ ነው?» አሉ ርእሰ መምህሩን። ስሜን አልጠየቁም።

ነገሩ የገባኝ በማግሥቱ ነው። ጋሼ በዚያ ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ለዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። በወጣትነታቸው ወደ ሱዳን ተሰደው ነበር፤ ገዳሪፍ አጠገብ ባለ የስደተኞች መጠለያ ለፈረንጅ ሐኪሞች ሲያስተረጉሙ ኖረው ነው የተመለሱት። እንግሊዝኛውን ያገኙት ከሰው አፍ ነው። የነበራቸው ወረቀት ግን ሰርተፊኬት ብቻ ስለሆነ፣ ዲፕሎማ ያለው ሰው ሲመጣ የማስተማሪያ ክፍሉን እንዲለቁ ተነገራቸው። ክፍላቸውን ለእኔ ሰጡና ለእርሳቸው ፊሽካ ሰጧቸው። የስፖርት መምህር ሆኑ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሁለት የሰሊጥ ጆንያ ቀድደው በመስፊያ ሰፉና ክፍሏን መሀል ለመሀል ከፈሏት።

«ከዚህ ወዲህ የኔ ነው፤ ከዚያ ማዶ ያንተ» አሉኝ። «መተማ ነው ያለኸው። ድንበር ምን እንደሆነ ቶሎ ትለምዳለህ።»

እኔም አልተለማመጥኋቸውም። ወጣት ነበርሁ፤ ወረቀት ነበረኝ፤ ክፍሉን በጉልበት የቀማሁ አይመስለኝም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔም ሰላምታዬን ዋጥ አደርጋለሁ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ነበር። እኔ እንግሊዝኛ መናገር አልችልም ነበር። ሰዋስውን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ አፌ ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር ተከታትሎ ተናግሮ አያውቅም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ፣ አባቷ ከድንበሩ ማዶ ገላባት የሚነግድ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ተነሥታ በፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ጠየቀችኝ። አልገባኝም። ፈገግ ብዬ «የስ» አልኋት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ የጠየቀችኝ «እንጻፍ ወይስ እናንብብ?» ብላ ነበር።

በመስኮቱ ጋሼ ይታዩኛል። ሜዳው ላይ ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው ቆመው ይሰሙ ነበር። አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛን በአማርኛ ማስተማር ጀመርሁ። ልጆቹ ሰሌዳው ላይ «ጋሼ ይመለሱልን» ብለው ጽፈው ይጠብቁኝ ጀመር። ርእሰ መምህሩ ጠራኝና፣ «ከጥምቀት በኋላ ከዞን ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ክፍልህ ገብቶ ነው የሚያይህ። በአማርኛ ስታስተምር ካገኘህ እኔ አላድንህም» አለኝ።

ኮሌጅ ሳለን አንድ ጓደኛዬ ይለው የነበረው ነገር ትዝ አለኝ። «ቋንቋ በዓይን አይገባም፤ ልብ ወለድ አንሥተህ ድምፅ አውጥተህ አንብብ። ሰዎቹ የሚነጋገሩበትን ቦታ ደጋግመው፤ አፍህ ይፈታል» ይል ነበር። በትምህርት ቤቱ መጋዘን ምስጥ የበላው ካርቶን ውስጥ ፈልጌ ሽፋን የሌለው አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። በደሴት ላይ የምትኖር የአንዲት ሴት ታሪክ ነው፤ አባቷ ያወረሳትን ጀልባ ወንድሟ ሊነጥቃት ይሟገታታል።

በመተማ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ከጥላ የሚወጣ ሰው የለም። ትምህርቱም በጠዋት ያልቃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ከግለት የተነሣ ቋ፣ ቋ ሲል፣ ግድግዳው ተደግፌ ማንበብ ጀመርሁ። ውኃ ሊቀዱ የሚያልፉ ሴቶች ቆም ብለው ይስቃሉ። «ይኸውላችሁ፣ ኸዋጃው ጀመረው» ይላሉ፤ ኸዋጃ ሱዳኖች ነጭ ሰውን የሚጠሩበት ቃል ነው። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከኋላዬ «ኸዋጃ! ኸዋጃ!» እያሉ ይከተሉኝ ጀመር።

ጋሼ በመጀመሪያው ቀን አልጋቸውን በዱላ ደበደቡ። በሁለተኛው ቀን ጫማ ከመጋረጃው በላይ ተወርውሮ መጽሐፌ ላይ አረፈ። በሦስተኛው ቀን ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄደው ከሰሱኝ። ርእሰ መምህሩም «መጋረጃውን የሰፉት እርስዎ ነዎት፤ በማዶው የፈለገውን ያድርግ» ብሎ መለሳቸው። ይኸን ስሰማ ደስ አለኝ። በነጋታው ድምፄን የበለጠ ከፍ አደረግሁት። እልህ ነበር፤ አልዋሽህም።

ሳምንት ያህል እንዲህ ቆየን። አንድ ቀን ሴትዮዋ ደሴቱን ስለምትወደው የምትናገርበት ገጽ ላይ ደረስሁና፣ ደሴት የሚለውን ቃል እንደ ተጻፈው «አይስላንድ» ብዬ አነበብሁት። ደገምሁት። ሦስተኛ ጊዜ ስደርስበት ከማዶ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

«አይላንድ!» አሉ ጋሼ። «አይላንድ ነው አንተ ደንቆሮ! ኤሷን ማን ጠራት?»

መጽሐፉን አስጠግቼ ቃሉን አየሁት። ከዚያ ቀስ ብዬ «አይላንድ» አልሁ።

«እንደ ሰው በለው።»

«አይላንድ።»

ቀጠልሁ። ከአምስት መስመር በኋላ ቢላዋ የሚለውን ቃል «ክናይፍ» ስለው፣ «ወይ አምላኬ፣ ናይፍ! ናይፍ!» ብለው እንደገና ጮኹ። ያን ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ሰደቡኝ። ስድቡን ከጠላሁት ይልቅ ልክ መሆናቸውን ጠላሁት።

እንዲህ ሆነና ሥራችን ሆነ። ተስማምተን የጀመርነው አይደለም፤ እኔ ላስተምርህ አላሉኝ፣ እኔም ያስተምሩኝ አላልሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኔ አነባለሁ፤ እርሳቸው ይሰድቡኛል። በመንገድ ላይ ግን አሁንም ፊታቸውን ያዞራሉ። በመምህራን ማረፊያ ስገባ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ይወጣሉ። መጋረጃው ሥር ብቻ ነበር ድምፃቸው የሚመጣው።

«ይህ» ለማለት «ዚስ» ብዬ ስጀምር፣ «ምላስህን በጥርስህ መሀል አውጣት፤ አትነክስህም!» ይላሉ።

ሌላ ቀን፣ ሴትዮዋ ወንድሟን ደጅ ላይ ቆማ የምትናገረውን ቦታ አነበብሁ። ቃላቱን አንድም አልሳትሁም፤ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ጋሼ ግን፣ «ምን እያነበብህ ነው?» አሉኝ።

«ያው ጀልባውን አልሰጥም ስትለው ነው።»

«አይደለም። አንተ የምታነበው የሰሊጥ ዋጋ ነው። ይቺ ሴት ቤቷ ሊፈርስ ነው። ወንድሟ ነው የሚያፈርስባት። ሰው እንዲህ ሲሆን ትንፋሹ ያጥረዋል፤ አንዳንዱን ቃል ይውጠዋል፣ አንዳንዱን ይተፋዋል። ተነሥ። ቁም። ቆመህ ተናገራት።»

ቆምሁ። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ወደ ጆንያው መጋረጃ ዞሬ፣ «ጀልባው የኔ ነው፤ ከደጄ ሂድልኝ» የምትለውን በእንግሊዝኛ ስምንት ጊዜ ያህል ተናገርኋት። መጀመሪያ ላይ ለሴትዮዋ ነበር የምናገርላት። በኋላ ግን ለራሴ ሆነ፤ ለዚያ ሁሉ ስድብ፣ ለዚያች ክፍል፣ ለልጆቹ ሳቅ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

«እ» አሉ ጋሼ። «እንዲህ።» ከእርሳቸው ያገኘሁት ምስጋና ያ ብቻ ነው።

ዛሬ በስብሰባ ላይ በእንግሊዝኛ ስናገር ሰዎች የት እንደ ተማርሁት ይጠይቁኛል። የኮሌጄን ስም እነግራቸዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ወባ ጣለኝ። ሁለት ቀን ስንቀጠቀጥ ማንም አላወቀም። በሦስተኛው ቀን ከመጋረጃው ሥር አንድ እጅ ውኃ የሞላ ጆግና በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን ገፋ አደረገልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልሁ።

«ሬሳ የማጥብበት ጊዜ ስለሌለኝ ነው» አሉ።

ጥምቀት አለፈ። ሱፐርቫይዘሩ የሚመጣበት ቀን ደረሰ። በጠዋት ስነሣ የከሰል ካውያ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ጋሼ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ጨርሰው፣ ካውያውን ፍሙ እንዳለ ከመጋረጃው ሥር ወደ እኔ አሳለፉት።

«የኔን ክፍል በተጨማደደ ሸሚዝ አትገባባትም» አሉ።

የኔን ክፍል። ካውያውን አነሣሁና ተኮስሁ፤ ግን ያቺ ቃል እንደ እሾኽ ተሰክታብኝ ነበር የወጣሁት። ያን ሁሉ ወር ደክሜም ክፍሉ አሁንም የእርሳቸው ነው።

ትምህርቱ ጥሩ ሆነ። ከጥሩም በላይ ሆነ። አንድ አጭር ታሪክ ቆሜ ነገርኋቸው፤ በተቆጣሁበት ተቆጣሁ፣ በዋጥሁበት ዋጥሁ። ያቺ የነጋዴ ልጅ ተነሥታ ጠየቀችኝ፤ መለስሁላት፤ እንደገና ጠየቀች፤ እንደገና መለስሁላት። ልጆቹ አልሳቁም። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ወንበር ላይ መጻፉን አቁሞ ያዳምጥ ነበር።

በኋላ መምህራኑ ሁሉ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ጋሼ ጫፍ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ፊሽካው አንገታቸው ላይ ነው። ሱፐርቫይዘሩ አመሰገነኝና እንዲህ አለ፤

«ከየትምህርት ቤቱ ሌሎች መምህራንን እንግሊዝኛ የሚያለማምድ አንድ ሰው እየመረጥን ነው። ወረቀት አንጠይቅም፤ አፉ የተፈታ፣ የሌላውንም አፍ መፍታት የሚችል ሰው ነው የምንፈልገው። በል ንገረኝ፣ አንተን ማን አለማመደህ?»

ወደ ጋሼ አየሁ። እርሳቸውም አዩኝ። መጋረጃው ከተሰፋ ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ፊታቸው ላይ ንቀት አልነበረም። ፊሽካውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ አውቅ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ሥራቸው ይመለስ ነበር፤ ያውም ያለ ወረቀት።

አራት ወር ሙሉ የዋጥሁት ስድብ በአንድ ጊዜ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ደንቆሮው፣ የተወረወረው ጫማ፣ «የኔን ክፍል» ያሉት።

«በራሴ ነው» አልሁ። «ልብ ወለድ ድምፅ አውጥቼ እያነበብሁ።»

«ማንም ሳይረዳህ?»

«ማንም።»

ሱፐርቫይዘሩ ስሜን ደብተሩ ላይ ጻፈ። መምህራኑ አጨበጨቡ። ጋሼ ተነሥተው የሱሪያቸውን አቧራ አራገፉና ወደ ሜዳው ሄዱ። እዚያ አራተኛ ክፍሎች ተሰልፈው ይጠብቋቸው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ፊሽካው ሲነፋ ሰማሁ።

ያን ቀን ከሰዓት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ መጽሐፌን ይዤ ግድግዳው ሥር ተቀመጥሁ። ከመጽሐፉ የቀሩት አራት ምዕራፎች ነበሩ። ማንበብ ጀመርሁ። ከማዶ አልጋው ሲንቋቋ ይሰማኛል፤ ክብሪት ሲጫር ይሰማኛል፤ ቃል ግን የለም። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሆን ብዬ ማበላሸት ጀመርሁ። «አይስላንድ» አልሁ፤ ቆየሁ። «ክናይፍ» አልሁ። ዚሱን ሁሉ በዘ አደረግሁት። የሴትዮዋን ልቅሶ እንደ ሰሊጥ ዋጋ አነበብሁት። ዱላም፣ ጫማም፣ ስድብም አልመጣም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳነብ በሩ ተከፈተና ተዘጋ፤ ወጥተው ሄዱ። ሴትዮዋ ጀልባዋን ማስመለሷን ለባዶ ክፍል ነው ያነበብሁት።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። መጋረጃውን ገልጬ «አጥፍቻለሁ ጋሼ» ማለት፣ ከዚያም ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ ስሜን ማስፋቅ ይቻል ነበር። በየቀኑ ነገ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሥልጠናው ጎንደር ተጀመረ፤ ተላክሁ፤ እየተከበርሁ ተመለስሁ። ሰኔ ላይ ጋሼ ዝውውር ጠይቀው ወደ አብርሃ ጅራ ሄዱ። ከሁለተኛው ዙር ሥልጠና ስመለስ አልጋቸው የለም። ወለሉ ተጠርጓል። መጋረጃውን ግን እንዳለ ትተውት ነበር። ክፍሉ ሁሉ የኔ ሆኖ ሳለ አንድ ዓመት ሙሉ አላወረድሁትም፤ በወዲያኛው ግማሽም አንድ ዕቃ አላስቀመጥሁም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ለፈተና ቁጥጥር አብርሃ ጅራ ተላክሁ። ከመኪና እንደ ወረድሁ ስለ እርሳቸው ጠየቅሁ። ጡረታ እንደ ወጡ ነገሩኝና ቤታቸውን አሳዩኝ፤ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ ያለች፣ በሾኽ አጥር የተከበበች ቤት ናት። ልክ ለአንድ ትልቅ ፈተና እንደሚቀርብ ሰው የምናገረውን በልቤ እየደጋገምሁ ሄድሁ።

ጋሼ ራኩባ በሚሉት የሣር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጠጉራቸው ነጥቷል። ሸሚዛቸው አሁንም እንደ ወረቀት የተተኮሰ ነው። ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«እንደምን ዋሉ» አሉኝ። «ይግቡ። ይቀመጡ፤ ፀሐዩ ጎድቶዎታል።»

መጀመሪያ ያላወቁኝ መሰለኝ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ፤ የመተማው» አልኋቸው።

«አውቄዎታለሁ እንጂ፤ እንዴት አላውቅዎትም» አሉ። ለራሳቸው ድንጋይ ስበው ወንበሩን ለእኔ ሰጡኝ። ቀዝቃዛ ውኃ በንጹሕ ብርጭቆ አቀረቡልኝ። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። ስለ ፈተናው፣ ስለ ሥራዬ፣ አግብቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስመልስ በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ልክ ከዞን ለመጣ እንግዳ እንደሚደረገው።

ብርጭቆውን አስቀመጥሁ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ከኒሙ ሥር በተናገርሁት በድዬዎታለሁ። ያለማመዱኝ እርስዎ ነዎት። ይኸን ሳልነግርዎ...»

«ምን መሆንዎ ነው» ብለው አቋረጡኝ፤ በቀስታ፣ ፈገግ ብለው። «እኔ የማስታውሰው የለም። እርስዎ በራስዎ ነው የጣሩት። ደግሞም ደህና ቦታ ደረሱ፤ እኛም ስንሰማ ደስ ይለናል። ውኃ ልጨምርልዎ?»

ሌላ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ። በእንግሊዝኛም ሞከርሁ። በአማርኛ ነው የመለሱልኝ፣ ሁልጊዜም በዚያው ፈገግታ፣ በዚያው «እርስዎ»።

ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ ተነሣሁ። አይሆንም ብላቸውም እስከ ዋናው መንገድ ሸኙኝ። ጭነት የሞላባቸው መኪኖች አቧራ ያስነሣሉ። ጋሼ በግራ በኩል፣ አንድ እርምጃ ከኋላዬ ይራመዳሉ፤ ለባለሥልጣን እንደሚደረገው። ልቀድማቸው ስላልፈለግሁ ዘገየሁ፤ እርሳቸውም ዘገዩ። አንድ ቃል ተሳስቼ፣ ወይም እንቅፋት መትቶኝ፣ ወይም በሆነ ነገር ተናደው አንድ ጊዜ «አንተ» ይሉኝ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ።

መኪናው ዘንድ ስንደርስ ባርኔጣቸውን አነሡና ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ።

«በሰላም ይግቡ» አሉ። «ለቤተሰብዎ ሰላም ይበሉልኝ።»